ስለትና ውሳኔ፦ የያዙትን ሙያ ትቶ ወደ ሕክምና የመሄድ ጥያቄ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ሲመዘን

አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ ዘመን ተሻጋሪ የሚባለው የተጻፈበትን ዘመን በታማኝነት ስላሳየ ብቻ አይደለም። ደራሲው ያላሰበው ጥያቄ በሌላ ዘመን ሲነሣ፣ ሥራው መልስ ባይሰጥ እንኳ ጥያቄውን የሚያጠራ ሆኖ ሲገኝ ጭምር ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ስለ ሁለቱ ወጣቶች ፍቅር፣ ስለ ባላባቱና ስለ ገበሬው ቅራኔ፣ ስለ ጉዱ ካሣ ነቀፌታ ብዙ ተብሏል። መጽሐፉ በየትምህርት ቤቱ ተተንትኗል፤ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ተተርኮም ፊደል ካልቆጠረው ወገን ጆሮ ደርሷል። ይሁን እንጂ ታሪኩ የሚፈጸምበት አገር፣ ማለትም የዲማና የቢቸና አካባቢ፣ ዛሬ ለሚያነሣው አንድ ጥያቄ መጽሐፉ ምን ያህል እንደሚያገለግል እምብዛም ሲነገር አይሰማም።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ሙያ የያዘ፣ በሙያው የሚተዳደር፣ በአካባቢው ዘንድ ስም ያተረፈ ሰው፣ ይህን ሁሉ ትቶ ሐኪም ለመሆን እንደገና ተማሪ ይሁን ወይስ አይሁን?

ጥያቄው ከየት መጣ?

ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀውን መንገድ ይዞ የሰፈረው ሕዝብ ለብዙ ዘመን «የሐኪም ያለህ!» ሲል የኖረ ሕዝብ ነው። የሞጣን አገር ከዓባይ ማዶ ካለው ሕዝብ ጋር የሚያገናኘው፣ በፋሲለደስ ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ጥንታዊ ድልድይ በፋሺስት ወረራ ጊዜ ተቆርጦ «ሰባራ ድልድይ» የሚል ስም ካተረፈ በኋላ፣ መንገደኛ በገመድ ታስሮ እየተሳበ ክፍተቱን ይሻገር ነበር። ጤነኛው በገመድ ተንጠልጥሎ የሚሻገረውን ገደል ምጥ የያዛት ሴት እንዴት ትሻገረው እንደ ነበር ለመገመት ደራሲ መሆን አያሻም። ዛሬ በዚያ ቦታ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠርቷል፤ በሞጣም በቢቸናም ሆስፒታል ቆሟል። ነገር ግን ሕንፃ በራሱ አያክምም፤ የሚያክመው ሰው ነው።

ሐኪም የሚወጣበትም በር ለረጅም ጊዜ ጠባብ ነበር። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሥራውን ሲጀምር ዓላማው በየገጠሩ የሚሠማሩ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን ማፍራት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ በጎንደር ከላይፕሲግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የሐኪሞች ሥልጠና ተጀመረ። በእነዚህ ሁሉ ዘመናት ወደ ሕክምና የሚገባው በአመዛኙ ሁለተኛ ደረጃን ገና ያጠናቀቀው ወጣት ነበር። ሌላ ሙያ ይዞ ዓመታትን ያስቆጠረ ሰው ምኞት ቢኖረውም ምኞቱን የሚያቀርብበት ደጃፍ አልነበረውም ማለት ይቻላል።

በየካቲት ወር 2004 ዓ.ም. ግን ነገሩ ተለወጠ። በ13 ተቋማት፣ ይኸውም በ10 ዩኒቨርሲቲዎችና በ3 ሆስፒታሎች፣ በተፈጥሮ ሳይንስ ወይም በጤና ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች ተቀብሎ፣ ከመደበኛው ባጠረ ጊዜ ሐኪም የሚያደርግ አዲስ የሥልጠና መርሐ ግብር ተከፈተ። የባዮሎጂው መምህር፣ የኬሚስትሪዋ መምህርት፣ የላቦራቶሪው ባለሙያ፣ የቀዶ ጥገና ክፍሏ ነርስ በአንድ ጊዜ ከአንድ ጥያቄ ፊት ቆሙ። በልብ የተቀበረው ምኞት የማመልከቻ ቅጽ አገኘ።

እንዲህ ያለው ጉዳይ በቡና ላይም ሆነ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሲነሣ ክርክሩ ፈጥኖ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብሎ ይመክራል፤ ያለውን እንጀራ፣ የደረሰበትን እርከን፣ የልጆቹን ቁጥር ይቆጥራል። ሌላው ወገን ሕይወት የማዳንን ክብር ያነሣል፤ ጥሪን ያልተከተለ ሰው ከራሱ ጋር ሳይታረቅ ይሞታል ይላል። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ስለ ትርፍና ኪሣራ ነው፤ ልዩነታቸው በትርፉ ዓይነት ላይ ብቻ ነው። ሁለቱም ያላነሡት ጥያቄ አለ፤ ለመሆኑ የሚወስነው ማን ነው? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው? «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚያገለግለው በዚህ ላይ ነው።

ሐኪም በሌለበት አገር የታዘዘ መድኃኒት

የበዛብህን አመጣጥ ማስታወስ ይበቃል። የማንኩሳዎቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በሕፃንነቱ በሕመም ሲሠቃይባቸው ይሳላሉ፤ ቢተርፍላቸው ትዳር ሳይዝ፣ ዓለምን ንቆ ቤተ ክርስቲያንን የሚያገለግል ሊያደርጉት ብፅዓት ይገባሉ። ልጁ ይተርፋል። ከዚያ በኋላ ሕይወቱ የተሳሉለት እንጂ የመረጠው አይሆንም።

ይህን ስለት በተለመደው አነባበብ የአሮጌው ሥርዓት እምነት በግለሰብ ላይ የጫነው ቀንበር አድርጎ መተርጎም የቆየ ልማድ ነው። አነባበቡ ስሕተት የለበትም፤ ግን ጎደሎ ነው። ስለቱ ከእምነት ጉዳይነቱ አስቀድሞ የሕክምና ጉዳይ ነው። በቤቱ ውስጥ በሽታ አለ፤ በአገሩ ሐኪም የለም፤ በእጅ ያለው መድኃኒት ስለት ብቻ ነው። ወላጆቹ ጨካኞች አይደሉም፤ ከእናት አንጀት በላይ የሚራራ በዚያ ቤት የለም። ነገር ግን ፍርሃት ያስያዛቸው ውል የልጁን ነፍስ በልጁ ዕድሜ የሚለውጥ ውል ነበር። ከፋዩ በሚፈረምበት ጊዜ አልጋ ላይ ተኝቶ ያቃስት ነበር እንጂ አልተጠየቀም።

ከዚህ ስለት ሦስት ባሕርያት ነጥረው ይወጣሉ። አንደኛ፣ ስለት የሚወለደው በፍርሃት ወይም በሐዘን ሰዓት ነው። ሁለተኛ፣ የሚሳለውና የሚከፍለው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደሉም። ሦስተኛ፣ ስለት ተመልሶ አይመረመርም፤ ሁኔታው ቢለወጥም፣ ልጁ አድጎ ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ውሉ እንዳለ ይጸናል። በዛብህ በዲማ በትምህርቱ ተከብሮ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ እስከማስተማር ደርሶ ሳለ፣ ከሰብለ ወንጌል ጋር የያዘው ፍቅር ከባላባቱ ቁጣ በፊት የሚጋጨው ከዚህ ውል ጋር ነው። ሙያው የተዋጣለት ነው፤ ግን የእሱ አይደለም። በዕዳ የተያዘ ሙያ ነው።

የልቦለዱ ፍጻሜም ከዚህ አኳያ ሲታይ ሌላ ትርጉም ያገኛል። ወደ አዲስ አበባ ሸሽቶ የነበረው በዛብህ ሰብለን ፍለጋ ሲመለስ በዓባይ በረሃ በሽፍቶች ቆስሎ ይወድቃል፤ እሷም በመነኩሴ ልብስ ተሰውራ ስትጓዝ እዚያው ታገኘዋለች፤ የሚጋቡት እሱ ሊሞት ሲያጣጥር ነው። እንግዲህ የበዛብህ ታሪክ በበሽተኛ ሕፃን አልጋ ተጀምሮ በቁስለኛ ጎልማሳ መደብ ያልቃል። በሁለቱም ቦታ ሐኪም የለም። ደራሲው ይህን በቃል አልተናገረውም፤ በታሪኩ አወቃቀር ግን አሳይቶታል። በሁለቱ መኝታዎች መካከል የተዘረጋው ዓለም ደግሞ የማይማን ዓለም አይደለም። ባለቅኔው፣ የመጻሕፍት መምህሩ፣ የዜማው ሊቅ የሞላበት ዓለም ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩ በመሆናቸው የዚያን ዕውቀት ርቀትና ጥልቀት አሳምረው ያውቁታል። የሚያሳዩን አንድ ማኅበረሰብ በዚህ ሁሉ ሊቃውንት ተከብቦ አንዱን ቁስለኛ ሳያድን ሊቀር እንደሚችል ነው።

ይህ ሲባል የአገሩን ነባር ሕክምና ለማንኳሰስ አይደለም። ስብራት የሚጠግነው ወጌሻ፣ የምታዋልደው እናት፣ መጽሐፈ መድኃኒት ገልጦ ሥር የሚምሰው ደብተራ ሕዝቡን ለዘመናት አገልግለዋል። እንዲያውም በነባሩ ሥርዓት የዛሬው ጥያቄ ራሱ አይነሣም ነበር። ቀለምና ቅጠል የአንድ ሰው ሁለት እጆች ነበሩ፤ ቅኔ የተቀኘው ደብተራ ከማኅሌቱ ሳይወጣ በሽተኛ ይጎበኝ ነበርና «ሙያ ልለውጥ?» ብሎ የሚጨነቅበት ምክንያት አልነበረውም። የሙያ ክፍፍል እየረቀቀ ሲሄድ ነው አንዱን ለመያዝ ሌላውን መልቀቅ ግድ የሆነው። ሆኖም ነባሩ ዕውቀት አንድ ከባድ ጉድለት ነበረበት፤ በምሥጢር ይያዝ፣ ከአባት ለልጅ በጆሮ ይተላለፍ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ መድኃኒቱን የደበቀ ማኅበረሰብስ ከምን ይድናል? የዘመናዊው ሕክምና ትልቁ ብልጫ በመሣሪያው ብቻ ሳይሆን በግልጽ የሚማሩት፣ የሚፈተኑበትና የሚታረም ዕውቀት መሆኑ ነው።

በዚህ አጋጣሚ በልቦለዱ ላይ አንድ ነቀፌታ ማቅረብ ተገቢ ይሆናል። ጉዱ ካሣ የማኅበረሰቡን ሕመም ከማንም አስቀድሞ የመረመረ ገጸ ባሕርይ ነው። ዳሩ ግን ምርመራው በእጅ ሥራ አይታገዝም። ያያል፣ ይናገራል፣ ይሣቅበታል፤ የሚሠራበት ሙያ ግን የለውም። በሽታውን አውቆ መድኃኒት ማዘዝ ያልቻለ ሐኪምን ይመስላል። ሐዲስ ዓለማየሁ ከስለት የሚያመልጥ መንገድ እንዳለ በጉዱ ካሣ አንደበት ያሳዩናል፤ በመንገዱ የሚሄድ ሰው ግን አያሳዩንም። በልቦለዱ ውስጥ የነገ ሥራውን በገዛ እጁ መርጦ፣ ዋጋውን ቆጥሮ፣ ከዳር ያደረሰ ገጸ ባሕርይ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ይህ የዘመኑ ገደብ ነው ቢባልም ለኋላ ደራስያን የተተወ ባዶ ቦታ መሆኑ አይካድም።

የማያልቅ ቀጠሮ

ባዶውን ቦታ በከፊል ለመሙላት የሞከረው የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ነው። በ1962 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልቦለድ የሚያተኩረው በቢሮ ወንበሩና በሥዕል ፍላጎቱ መካከል በሚዋልለው በአበራ ላይ ነው። አበራን ማንም አልተሳለበትም። የተማረ ነው፤ የከተማ ሰው ነው፤ የሚያግደው ብፅዓት የለም። ሆኖም ከበዛብህ የበለጠ ነፃ ሆኖ አይታይም። በዛብህ ሌሎች የወሰኑለትን ይሸከማል፤ አበራ የራሱን ውሳኔ ከዛሬ ነገ ያሳድራል። አንዱ በስለት ሲታሰር ሌላው በቀጠሮ ይታሰራል። ሙያ ለመለወጥ ሲያስብ ዓመታትን የሚያሳልፍ ሰው ሁሉ በአበራ ውስጥ ራሱን ያያል።

የሥነ ጥበብ ታሪካችንም ቢሆን የሙያ ለውጥን የሚያከብረው ባንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። አፈወርቅ ተክሌ የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ወደ እንግሊዝ ተልኮ ወደ ሥዕል መዞሩ በኩራት ይነገራል፤ ሊነገርም ይገባል። ከሌላ ሙያ ወደ ጥበብ የሚደረገው ጉዞ የጀግና ጉዞ ሆኖ ሲሣል፣ ከሰሌዳ ወደ በሽተኛ አልጋ የሚደረገው ጉዞ ግን ሠዓሊም ደራሲም አላገኘም ማለት ይቀላል። የተያዘው ጥያቄ ምሳሌ የሚያገኘው ከሌላ አገር ጸሐፊዎች ሕይወት ነው።

ሁለት ምስክሮች

የቻይናው ደራሲ ሉ ሹን በወጣትነቱ አባቱ በጽኑ ሲታመም፣ ለውድና ለብርቅ መድኃኒቶች የቤቱ ንብረት ሲራቆት፣ አባቱም ሳይድን ሲሞት አይቷል። በጃፓን አገር፣ በሴንዳይ የሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1904 የገባው እንደ አባቱ ያሉትን ለማዳን አስቦ እንደ ነበር በኋላ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1906 ግን አቋርጦ ወጣ። በክፍል ውስጥ በታየ ምስል አንድ ቻይናዊ ሊገደል ሲል፣ አካላቸው የጠና ወገኖቹ ከቦ ቆመው በዝምታ ሲመለከቱ ባየ ጊዜ፣ ለሕዝቡ የሚያስፈልገው መጀመሪያ የመንፈስ ፈውስ ነው ብሎ ደመደመ፤ ብዕር አነሣ። ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ የሚጠቀሰው ሥነ ጽሑፍ ከሕክምና እንደሚበልጥ ለማስረዳት ነው። እንዲህ ያለው ድምዳሜ ግን ደራስያንን ከማስደሰት የዘለለ ቁም ነገር የለውም። ከታሪኩ የሚገኘው ቁም ነገር ሌላ ነው። ሉ ሹን ወደ ሕክምና የገባው በሐዘን በተሳለው ስለት ነበር። ታላቅነቱ ስለቱን መርምሮ ውሳኔ ማድረጉ ላይ ነው። መርምሮ በሕክምናው ቢጸና ኖሮም ታላቅነቱ ባልቀነሰ ነበር።

ሁለተኛው ምስክር የአልዛሱ አልበርት ሽቫይትዘር ነው። እስከ 30 ዓመት ዕድሜው የሥነ መለኮት ምሁር፣ ሰባኪ፣ የታወቀ ኦርጋን ተጫዋችና የባኽ ሙዚቃ ሊቅ የነበረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1905 ሐኪም ሆኖ ወደ ማዕከላዊ አፍሪካ ለመሄድ መወሰኑን ለወዳጅ ዘመዶቹ በደብዳቤ አስታወቀ። ብዙዎቹ ተቃወሙት፤ የተሰጠውን ተሰጥዖ ሊቀብር ነው አሉት። እሱ ግን የስትራስቡርግ የሕክምና ተማሪ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1913 ትምህርቱን ጨርሶ በጋቦን ወደምትገኘው ላምባሬኔ ሄደ።

በሽቫይትዘር ውሳኔ ውስጥ ለተያዘው ጥያቄ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የጊዜው ርዝመት ነው። በ21 ዓመቱ እስከ 30 ለዕውቀትና ለጥበብ ልኑር፣ ከዚያ በኋላ ሰውን በቀጥታ ላገልግል ብሎ ነበር፤ አገልግሎቱ ምን እንደሚሆን ግን ለረጅም ጊዜ ክፍት አድርጎ ትቶት፣ ሌሎች የበጎ አድራጎት ሥራዎችን እየሞከረ ቆይቷል። የአበራ ዓይነት ቀጠሮ አልነበረም፤ ቀነ ገደብ ነበረውና። ሁለተኛው ነገር የኑሮው ብልሃት ነው። በትምህርቱ ዘመን ማስተማሩን፣ መስበኩንና ኦርጋን መጫወቱን ወዲያው አልተወም። እንዲያውም የመንግሥቱን የሕክምና ፈተና ክፍያ የሸፈነው በሙኒክ በተደረገ የሙዚቃ በዓል ተጫውቶ ባገኘው ገንዘብ ነበር። አሮጌው ሙያ ለአዲሱ ሙያ መማሪያ ከፈለ። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለውን የአገራችንን ብሂል ሳይሰማ የፈጸመ ሰው ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ሽቫይትዘርን እንዳለ ለአርአያነት ማቅረብ አይገባም። አፍሪካዊውን ወንድሙ መሆኑን ቢቀበልም ታናሽ ወንድም አድርጎ ያይ ነበር። ሆስፒታሉም ለረጅም ዘመን የእሱ አባታዊ ግዛት ሆኖ መኖሩ በአፍሪካውያንም በሌሎችም በትክክል ተነቅፏል። ይህ ጉድለት ከውሳኔው ጋር የተያያዘ ነው። መሥዋዕትነቱን አብዝቶ የሚያስታውስ ሐኪም በሽተኛውን ባለ ዕዳ ያደርገዋል። የተወውን ሙያ እየቆጠረ የሚያክም ሰው የታከመው ሰው ምስጋና አይበቃውም። ሙያ ለውጦ የሚመጣ ሁሉ ከዚህ አደጋ ራሱን መጠበቅ አለበት።

ከቢቸና መምህር ፊት

አሁን አንድ የቢቸና ወይም የሞጣ መምህር ይታሰብ። ዐሥር ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሯል። ቤተሰብ መሥርቷል። ያስተማራቸው ልጆች በመንገድ ሲያገኙት ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ያልፋሉ። ከዕለታት አንድ ቀን እናቱ ወይም እህቱ ሐኪም በወቅቱ ሳይደርስላት ቀረች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ጠመኔ ሲይዝ እጁ ይከብደዋል። ይህ ሰው የተነካው በእውነተኛ ሐዘን ነው። ነገር ግን ከፊቱ ያለው በሐዘን ሰዓት የተወለደ ሐሳብ እንደ መሆኑ ከማንኩሳው ስለት ጋር ይመሳሰላል። ሐሳቡ የተናቀ ይሁን ማለት አይደለም፤ ይፈተን ማለት ነው።

መፈተኛዎቹም ቀደም ሲል ከበዛብህ ታሪክ የወጡት ሦስቱ ናቸው። ሐዘኑ ሲበርድ ሐሳቡ ይቆማል ወይ? ፍርሃት ከወለደው ሐሳብ የሚለየው በጥጋብም በሰላምም ቀን የሚጸናው ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? መምህሩ ብቻ ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር። ሚስት በአንድ ደመወዝ ቤት ታስተዳድራለች፤ ልጆች አባታቸውን በክረምት ብቻ ያያሉ፤ በትምህርት ቤቱም የኬሚስትሪው ክፍለ ጊዜ ባዶ ይሆናል። እነዚህ ሁሉ ከፋዮች እንደ ሕፃኑ በዛብህ ሳይጠየቁ እንዲከፍሉ ከተደረገ፣ ነገሩ የቱንም ያህል ቢከበር ስለት እንጂ ውሳኔ አይሆንም። በመጨረሻም መመለሻ አለው ወይ? ትምህርቱ ቢከብደው ወይም ቤቱ ቢናጋ ሳያፍር የሚመለስበት መንገድ ካልታሰበ፣ ሙያው ሸክም መሆኑ አይቀርም።

ኑሮንም በተመለከተ እውነቱን መሸፋፈን አይገባም። ከመምህርነት ድህነት ለማምለጥ ወደ ሕክምና የሚሄድ ሰው የሐኪሞች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ በ2011 ዓ.ም. እና እንደገና በ2017 ዓ.ም. በአደባባይ መሰማቱን ሊያስታውስ ይገባል። ነጭ ካፖርት በራሱ ጎተራ አይሞላም። በሌላ በኩል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ትምህርት ቤቱንም ጤና ጣቢያውንም አብሮ ጎድቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድን መምህር ከክፍል አውጥቶ ወደ ሕክምና መላክ አንዱን ጉድጓድ በሌላው አፈር መድፈን እንዳይሆን ጥንቃቄ ያሻል። እዚህ ላይ ኃላፊነቱ የግለሰቡ ብቻ አይደለም። የሚተካውን መምህር አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ ለሚማረው መደጎሚያ ማሰብ፣ ተመርቆ ሲመለስ የሚሠራበትን መሣሪያና መድኃኒት ማሟላት ሠራተኛ የሚመድቡ አካላት ድርሻ ነው። የግለሰብን ጀግንነት እያሞገሱ የጋራን ኃላፊነት መዘንጋት የአሮጌው ስለት አዲስ መልክ ነው፤ አሁንም የሚሳለው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ ይሆናልና።

ይህን ሁሉ መዝኖ፣ ከሚከፍሉት ጋር ተማክሮ፣ ቀነ ገደብ ቆርጦ የሚሄድ መምህር ግን «የብብቱን ጣለ» ሊባል አይገባም። የብብቱን ይዞ ነው የሚሄደው። ዐሥር ዓመት ለተማሪ ያስረዳ አንደበት ለበሽተኛ ማስረዳት አያቅተውም፤ ያልገባውን ልጅ ፊት የለየ ዓይን ሕመሙን መናገር የተሳነውን ገበሬ ፊት ይለያል። ዘግይቶ የመጣ ሐኪም ከወጣቱ የሚያንስበት ዓመት እንዳለ ሁሉ የሚበልጥበት ዓመት አለው። መዝኖ የሚቀር መምህርም ቢሆን አልፈራም፤ መርጧል። በበዛብህና በእሱ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው።

የጥበብ ሰዎች ዕዳ

ይህ ሁሉ ለደራሲው፣ ለተውኔት ጸሐፊውና ለፊልም ሠሪው የሚያስተላልፈው መልእክት አለ። በመድረካችንም በፊልማችንም ሐኪም ብዙ ጊዜ የሚታየው በመጨረሻው ትዕይንት ነጭ ለብሶ ብቅ ብሎ፣ ራሱን ነቅንቆ ወይም ፈገግ ብሎ የሚወጣ ሰው ሆኖ ነው። ከየት እንደ መጣ፣ ምን ትቶ እንደ መጣ፣ ማን እንደ ከፈለለት አይጠየቅም። የ33 ዓመቱ ጎልማሳ በ19 ዓመት ልጆች መካከል ከአስከሬን ፊት ቆሞ የአጥንት ስም ሲያጠና፣ በፈተና ወድቆ ለቀድሞ ተማሪው ሲያፍር፣ ሚስቱ በሞጣ ገበያ የጤፍ ዋጋ ስትከራከር፣ እሱ የተወው ክፍል ተማሪዎች «መምህር መቼ ይመለሳሉ?» ብለው ሲጠይቁ የሚያሳይ ሥራ ያስፈልጋል። ቅራኔው ከባላባትና ከጭሰኛ ቅራኔ ያነሰ ድራማ የለውም፤ ሁለት መልካም ነገሮች የሚጋጩበት በመሆኑ እንዲያውም ይከብዳል።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ይህን አልጻፈም፤ እንዲጽፍም አይጠበቅበትም። ያደረገው ከዚህ የሚቀድመውን ነው፤ በፍርሃት የተገባ ውል የሰውን ዕድሜ እንዴት እንደሚበላ ከማንኩሳ እስከ ዓባይ በረሃ ተከትሎ አሳይቷል። የዛሬው አንባቢ መጽሐፉን ሲዘጋ ከዚያ በረሃ መደብ አጠገብ አንድ ባዶ ቦታ ይታየዋል። ሐኪሙ ሊቀመጥበት ይገባ የነበረ ቦታ ነው። ከቢቸና ወይም ከሞጣ አንድ ሰው ጠመኔውን አስቀምጦ ወደዚያ ቦታ ሊሄድ ይችላል፤ ወይም ደግሞ እዚያ የሚቀመጠውን ልጅ ለማስተማር በሰሌዳው ፊት ሊቀር ይችላል። በሁለቱም ወገን ባዶው ቦታ ይሞላል። የማይሞላው ማንም ሳይጠየቅ የተሳለ እንደ ሆነ ብቻ ነው።